የአምቦ ውሃ፣ የአዋሽ ምንጭና የዝናብ ሶላት

ክረምቱ ዘግይቶ በገባበት በአንድ ዓመት ለዘመድ ጉዳይ አምቦ ሄጄ ነበር። ዕለቱ ጁምዓ ነው። ከሶላት በኋላ ኢማሙ ተነስተው፣ ሰኞ ጧት ጀመዓው ሁሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ሜዳ እንዲወጣና ሶላተል ኢስቲስቃእ፣ ማለትም ዝናብ የሚለመንበትን ሶላት እንዲሰግድ፣ እስከዚያውም እንዲጾም፣ ሶደቃ እንዲሰጥ፣ የተጣላም እንዲታረቅ አሳሰቡ። ሰዉ ‹‹ኢንሻ አላህ›› እያለ ተበተነ። ክርክሩ የተነሳው ከመስጊዱ ብዙም ሳንርቅ ሻይ ቤት እንደ ተቀመጥን ነው።

አብረውን የነበሩ አንድ ሐጂ፣ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ የአካባቢው ገበሬና ነጋዴ፣ ‹‹ወንጀላችን በዝቶ ነው እንጂ ድሮ በዚህ ወቅት ማሳው ረግረግ ሆኖ እግር አያስቆምም ነበር›› አሉ። የእህታቸው ልጅ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ‹‹አጎቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህ የፈረንጅ ፋብሪካ ጭስ ያመጣው ነገር ነው። ጭሱን የለቀቁት እነሱ፣ ተውበት የምናደርገው እኛ?›› ሲል መለሰላቸው። አጠገቡ የተቀመጠው የአይሱዙ ሹፌር ሳቀ። ሐጂ አልሳቁም። ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ‹‹አንተ የተማርክ ነህ፣ ጋዜጣ ላይም ትጽፋለህ፤ እስቲ ፍረድ ልጄ›› አሉኝ።

‹‹ሁለታችሁም እውነት አላችሁ›› ብዬ አለፍኩ። በእኛ አገር እንዲህ ያለው መልስ ማንንም አያስቀይምም፣ ማንንም ግን አያስተምርም። የተጠየቅሁትን በቅጡ ሳልመልስ መነሳቴ ሲከነክነኝ ስለ ቆየ፣ ያን ዕለት ማለት የነበረብኝን ዛሬ እጽፋለሁ።

ጠረጴዛው ላይ አንድ ጠርሙስ አምቦ ውሃ ነበር። ከእሱ መጀመር ይቻላል። ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ እየታሸገ የሚሸጠው የዚህ ውሃ ክዳን ሲከፈት ሽው ብሎ የሚወጣው፣ ሲጠጣም ጉሮሮን ቆንጠጥ የሚያደርገው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በለመድነው አጠራር የተቃጠለ አየር የምንለው ማለት ነው። ዓለምን እያሞቀ ያለውም በዋናነት ይኸው ጋዝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፀሐይ ምድርን በብርሃንዋ ታሞቃለች፤ ምድርም የተቀበለችውን ሙቀት መልሳ ወደ ሰማይ ትሰዳለች። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚመጣውን ብርሃን አያግደውም፤ የሚመለሰውን ሙቀት ግን ከፊሉን ይይዘዋል። ሌሊት ጋቢ እንደ ለበሰ ሰው ቁጠሩት። ጋቢው በራሱ እሳት የለውም፤ ሙቀቱ የለባሹ ነው፤ ጋቢው እንዳይወጣ ያደርገዋል እንጂ። ይህ ጋቢ ጭራሽ ባይኖር ምድር በረዶ በሆነች ነበር። ስለዚህ ጋዙ በልኩ ሲሆን ኒዕማ ነው። መከራው የመጣው በጋቢ ላይ ጋቢ ሲደረብ ነው።

ይህ ትናንት የተፈጠረ ወሬ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። በ1856 እ.ኤ.አ. ዩኒስ ፉት የተባለች አሜሪካዊት ይህን ጋዝ በብርጭቆ ሲሊንደር ሞልታ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችና ከተራው አየር ይበልጥ እንደሚሞቅ አሳየች። ከሦስት ዓመት በኋላ አየርላንዳዊው ጆን ቲንዳል ሙቀት የማገዱን ነገር በመሣሪያ ለካው። ስዊድናዊው ስቫንቴ አሬኒየስ ደግሞ የጋዙ መጠን ቢጨምር ምድር ስንት ዲግሪ እንደምትሞቅ በቁጥር አስልቶ ያሳተመው በ1896 እ.ኤ.አ. ነው፤ አያቶቻችን አድዋ ላይ በተዋጉበት ዓመት። ከፋብሪካ ዘመን በፊት በአየር ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 280 እጅ ያህል የነበረው ይህ ጋዝ ዛሬ ከ420 አልፏል። የድሮውን የምናውቀው በጥንታዊ በረዶ ውስጥ ታሽጎ ከቀረ የአየር አረፋ ነው፤ ያሁኑን ደግሞ ሐዋይ ደሴት ላይ ከሚገኝ ተራራ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲለካ ከቆየው። በ2024 እ.ኤ.አ. የምድር አማካይ ሙቀት ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከነበረው ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ዓመት አማካይ ከ1.5 ዲግሪ በላይ ሆነ።

የአይሱዙ ሹፌሩ ያን ዕለት አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠይቆ ነበር፤ ‹‹ይኸ ጋዝ እኮ ከአምቦ መሬት በራሱ ይፈላል፤ እሳተ ገሞራም ይተፋዋል ይባላል፤ ምኑን ነው በሰው የሚያሳብቡት?›› አለ። በዓለም ያሉ እሳተ ገሞራዎችና እንደ አምቦ ያሉ ምንጮች በዓመት የሚያወጡት ሁሉ ቢደመር ሰው ድንጋይ ከሰል፣ ነዳጅና ጋዝ በማቃጠል ከሚለቀው አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም። ሰው በዚህ መንገድ የሚለቀው በዓመት ከ37 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው። ሌላም ምስክር አለ። እሳት ኦክስጅን ይበላል። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲጨምር እሱ በጥቂቱ እየቀነሰ መምጣቱ ተለክቷል። ይህ ጋዙ ከምድር ሆድ ፈልቶ ሳይሆን ከሚነድ ነገር መምጣቱን ያጋልጣል።

አምቦ ውሃ ፀሐይ ላይ ቢቆይ ጋዙ እንደሚበርር የማያውቅ የለም። ባሕርም እንደዚያው ነው። ሰው ከሚለቀው ጋዝ አንድ አራተኛ ያህሉን ውቅያኖሶች ውጠውልናል፤ በዚህም ምክንያት የባሕሩ ውሃ እንደ አምቦ ውሃ ወደ መጎምዘዝ እያዘነበለ ነው፣ ለዓሣና ለዛጎል እንስሳም ጠንቅ ሆኗል። ባሕሩ እየሞቀ በሄደ ቁጥር ደግሞ የመዋጥ አቅሙ ይቀንሳል። ውለታው ገደብ አለው ማለት ነው።

ጭሱን ማን ለቀቀው ለሚለው የተማሪው ነገር እውነት ነው። አንድ አሜሪካዊ በዓመት በአማካይ 14 ቶን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከነዳጅና ከከሰል ድንጋይ ሲለቅ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ የአንድ ቶን ሩብ አይሞላም። እዚህ ላይ ግን እኛ ሙስሊሞች ጣታችንን ወደ ምዕራብ ብቻ ብንቀስር ፍትሕ አይሆንም። በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ከዓለም ከፍተኛውን የሚለቁት ኳታርና ኩዌትን የመሳሰሉ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ናቸው፤ ወንድሞቻችን ናቸው ብለን የምንዘለው ነገር አይደለም። በዚያው አካባቢ በሰኔ 2016 ዓ.ም. (በ1445 ሂጅራ) ሐጅ ወቅት መካ ውስጥ ሙቀቱ ከ51 ዲግሪ በልጦ ከ1,300 በላይ ሑጃጆች ሕይወታቸው አለፈ፤ አብዛኞቹ ፈቃድ ሳያገኙ የሄዱና ማረፊያ ጥላ ያልነበራቸው ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። በሐሩር የሚጎዳው ሁልጊዜ ጥላ የሌለው ነው።

አሁን ወደ ሐጂ ልመለስ። የዝናቡ መቅረትስ?

ክረምታችን የሚመጣው ከሩቅ ነው። እርጥበቱን ከአትላንቲክ፣ ከኮንጎ ደኖችና ከሕንድ ውቅያኖስ ተሸክሞ የሚመጣው ነፋስ ነው። ስለዚህ በሩቅ ባሕር ላይ የሆነ ነገር ጊንጪ ላይ ያለ ማሳ ይነካል። ሰላማዊ ውቅያኖስ ከወትሮው ሲሞቅ፣ ኤልኒኖ የሚባለው ሲመጣ፣ የእኛ ክረምት ይከዳል። በ2007 ክረምት እንዲያ ሆኖ በ2008 ዓ.ም. ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የምግብ ዕርዳታ ጠባቂ ሆነ። ከ1966ቱና ከ1977ቱ ድርቅ ጀርባም የባሕር ሙቀት መዛባት አለበት፤ ድርቁን ወደ እልቂት የለወጡት ግን ጦርነት፣ መደበቅና የመንግሥት ቸልተኝነት መሆናቸውን ያ ዘመን ያለፈበት ሁሉ ያውቃል። ድርቅ ከሰማይ ሊመጣ ይችላል፤ ረሃብ ግን የሰው እጅ ሳይገባበት ብዙ ጊዜ አይሆንም።

በአገራችን ሙቀቱ መጨመሩ አያጠራጥርም። ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ብቻ አማካዩ በ1.3 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሏል። የዝናቡ ነገር ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በማዕከላዊው ደጋ የክረምቱ ጠቅላላ መጠን ከዓመት ዓመት ይዋዥቃል እንጂ በአንድ አቅጣጫ እየቀነሰ ሄደ ለማለት አያስደፍርም። ገበሬውን የሚያስጨንቀው መቼ እንደሚጀምርና እንዴት እንደሚወርድ ነው። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር ሰባት በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ይሸከማል። በዚህ ምክንያት ሲጠፋ ይጠፋል፣ ሲመጣ ደግሞ አፈር ጠርጎ ይወስዳል። አንድ ሰኔ ሙሉ ያልዘነበው በሐምሌ ሦስት ቀን ከወረደ በመዝገብ ላይ ‹‹መደበኛ›› ይባል ይሆናል፤ ለጤፉ ግን መደበኛ አይደለም።

ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚወስደው መንገድ የዚህ ጉዳይ ሕያው መጽሐፍ ነው። ሆለታ ሳይደርሱ በስተግራ በወጨጫ ተራራ ላይ የሚታየው የመናገሻ ሱባ ደን በ15ኛው መቶ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ ጽድ እንደ ተተከለበት ይነገራል። እልፍ ሲሉ አዲስ ዓለም ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዋና ከተማቸውን ወደዚያ ሊያዛውሩ ቤተ መንግሥት ያስጀመሩት አዲስ አበባ ማገዶ ስላለቀባት ነበር። ከተማዋን ከመፍረስ ያዳናት ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። እንግዲህ መቶ ሃያ ዓመት ገደማ የዋና ከተማችንን ዕጣ የወሰነው እንጨት ነበር ማለት ነው። ዛሬም የጎጃም በር፣ የአምቦ በር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ከሰል የጫነ መኪና ነው። ይህን ጋዜጣ የሚያነብ የከተማ ሰው ቡናውን ያፈላው በምን እንደ ሆነ ይጠይቅ።

በነገራችን ላይ፣ ‹‹ከመቶ ዓመት በፊት ከአገሪቱ 40 በመቶው ደን ነበር፣ ዛሬ 3 በመቶ ቀረ›› የሚለውን አባባል እኔም በጽሑፌ ደጋግሜዋለሁ። ጄምስ ማካን የተባሉ የታሪክ ምሁር በ1997 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ይህ ቁጥር በቂ መሠረት እንደሌለው አሳይተዋል። ብዙው ደጋ ከመቶ ዓመት በፊትም የታረሰ ሜዳ ነበር። ይህ ማለት ደን አልተጨፈጨፈም ማለት አይደለም። እውነቱ በቂ ሆኖ ሳለ ማጋነን አያስፈልገንም ለማለት ነው።

እውነቱን ለማየት ጊንጪ ላይ መውረድ ይበቃል። ከከተማው በላይ ያለው የጭሊሞ ደን ከማዕከላዊው ደጋ የተረፈ የጥድና የዝግባ ደን ነው። ከነበረው ዛሬ የቀረው ጥቂት ሺህ ሄክታር ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አካባቢ የዙሪያው ነዋሪ በማኅበር ተደራጅቶ ደኑን እየጠበቀ እንዲጠቀምበት ተደረገ፤ በአገራችን ይህ አሠራር በመጀመሪያ ከተሞከረባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። በህዳር 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ የወጡትም የጭሊሞ ደንና አንድ የመጫወቻ ሜዳ ለባለሀብት ተሰጠ በሚል ነበር። ያ ተቃውሞ ወደ መላው ኦሮሚያ ተዛምቶ የአገሪቱን አመራር እስከ መለወጥ የደረሰ ንቅናቄ መነሻ ሆነ። ‹‹የአካባቢ ጥበቃ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው›› የሚሉ ሰዎች ይህን ይመልከቱ።

ከዚህ ደጋ ነው አዋሽ የሚነሳው። ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄድና ባሕር ሳይደርስ ጅቡቲ ጠረፍ ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። በመንገዱ መጨረሻ ያሉት አፋሮች ናቸው። በሌላ በኩል የጉደር ውሃ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ስለዚህ የምዕራብ ሸዋ ገበሬ የሁለት ትላልቅ ወንዞች ራስጌ ላይ ነው የሚያርሰው። ከላይ ተዳፋቱ ሲራቆት ጎርፉ አፈሩን ይዞ ይወርዳል፤ በ1952 ዓ.ም. የተገነባው የቆቃ ግድብ ሆድ በደለል እየተሞላ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። በክረምት 2012 ዓ.ም. አዋሽ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቀለ። ግመልና ፍየሉን ውሃ የወሰደበት ያ አርብቶ አደር ጊንጪን አይቶ አያውቅም፤ መኪናም ፋብሪካም የለውም።

‹‹ዛፍ ሲቆረጥ ዝናብ ይቀራል›› የሚለው የሐጂም የእኛም እምነት እንግዲህ ከፊሉ ብቻ ልክ ነው። አምቦ ላይ የተተከለ ችግኝ የክረምቱን ደመና ከአትላንቲክ ጠርቶ አያመጣም። የወረደውን ዝናብ ግን ያሳድራል፤ ወደ መሬት ሰርጎ በጥር ምንጭ ሆኖ እንዲወጣ ያደርጋል። ይህን መለየት ይጠቅማል። ‹‹ችግኝ ተክለን ዝናብ አልመጣም›› ብሎ ተስፋ የሚቆርጥ ሰው የተነገረው ነገር ትክክል አልነበረም ማለት ነው። መንግሥት ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን 350 ሚሊዮን ችግኝ ተተከለ ብሎ አስታውቋል። መልካም ነው። እኔ የምጠይቀው የጸደቀውን፣ የዛፉን ዓይነትና የተተከለበትን ቦታ ነው።

ወደ ተውበት ልግባ፤ ክርክሩ የተነሳው በሱ ስለሆነ። ዑለማዎቻችን ተውበት ሸርጥ አለው ይላሉ፤ ወንጀሉን መተው፣ መጸጸት፣ ላለመመለስ መቁረጥ። ነገሩ የሰው ሐቅ ከሆነ ደግሞ አራተኛ አለ፤ ሐቁን ለባለቤቱ መመለስ። የተማሪውና የሐጂ ክርክር እዚህ ላይ ይገናኛል። ጭሱን የለቀቁ አገሮች የእኛ ሐቅ አለባቸው። በህዳር 2015 ዓ.ም. ሻርም አል ሼይክ ላይ ለደረሰ ጉዳት ድጋፍ የሚሰጥ ፈንድ እንዲቋቋም ተስማምተው በዓመቱ ዱባይ ላይ አስጀምረውታል፤ ቃል የገቡት ገንዘብ ግን ከጉዳቱ ጋር ሲተያይ አንድ ጭብጥ ነው። በሌላ በኩል ራስጌ ያለው ገበሬ፣ ከሰል የሚጭነው ሹፌርና ከሰሉን የሚገዛው የአዲስ አበባ ሰው ግርጌ ላለው አፋር ሐቅ አለባቸው። ትንሽ ሐቅ ሐቅ መሆኑ አይቀርም። ‹‹ወንጀላችን በዝቷል›› ብሎ በደፈናው ማልቀስ ቀላል ነው፤ ከባዱ የትኛው ወንጀል፣ የማን ሐቅ ብሎ በስሙ መጥራት ነው። ‹‹የፈረንጅ ጭስ ነው›› ማለትም እንደዚያው ያሳርፋል፤ ምንም እንድናደርግ አያስገድደንምና።

በ18ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲናንና አካባቢዋን የመታው ድርቅ ‹‹ዓሙ ረማዳህ››፣ የአመድ ዓመት ይባላል። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ.) ሕዝቡን ይዘው ለዝናብ ሶላት ወጡ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ ጎን ለጎን ግን ወደ አገረ ገዢዎቻቸው ጽፈው እህል አስጫኑ፣ ለተራበው መዲና ላይ ምግብ አስበሰሉ፣ ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤ አልቀምስም ብለው ዘይት ሲበሉ መልካቸው ጠቆረ፣ በረሃብ ተገዶ የሰረቀውን እጅ መቁረጥም አስቆሙ። ዱዓውንና የግመሉን ጭነት እንደ ተቀናቃኝ አላዩዋቸውም። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ለከብቶች ግጦሽ የተከለለ መሬት፣ ሒማ የሚባለውን፣ ደንግገዋል። ጥበቃው ለእኛ ሰዎችም ባዕድ አይደለም፤ በዚሁ ምዕራብ ሸዋ የሚገኘው ኦዳ ቢሲል ሽማግሌ በዛፍ ጥላ ሥር የሚመክርበት፣ ዛፉም የማይደፈርበት የቆየ የገዳ ሥፍራ ነው። በነሐሴ 2007 ዓ.ም. ኢስታንቡል የተሰበሰቡ የሙስሊም ምሁራን ስለ አየር ንብረት ባወጡት መግለጫ ሀብታምና ነዳጅ አምራች አገሮች ጭሳቸውን እንዲያቆሙ ጠይቀዋል። በየመስጊዳችን ሲነበብ ግን ሰምቼ አላውቅም።

እሑድ ዕለት ሐጂ ወደ ጉደር አቅጣጫ ያለውን መሬታቸውን ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። ከተዳፋቱ ግርጌ ሰፊ የባሕር ዛፍ ሰብል ቆሟል። ልጆቻቸውን ያስተማሩበት፣ ቆርቆሮ ቤት የሠሩበት እንደ ሆነ በኩራት ነገሩኝ። እኔም አልፈረድኩም፤ ጤፍ በከዳ ዓመት ሁሉ ያልከዳቸው እሱ ነው። ከዛፎቹ መካከል ግን ድንጋይ የተካበበት ደረቅ ጉድጓድ አለ። ‹‹ይኸ ምንጭ ነበር›› አሉ። ‹‹ዛፉን አፉ ላይ ያስተከልኩት እኔ ነኝ። ከደረቀ አራት ዓመት ሆነው። ከታች ያሉት ጎረቤቶቻችን፣ ክርስቲያኖቹም የእኛዎቹም፣ ሴቶቻቸው ዛሬ ውሃ የሚቀዱት ከወንዙ ማዶ ነው።›› ትንሽ ቆዩና፣ ‹‹ነገ ከመውጣታችን በፊት ዐውፍ በሉኝ ልላቸው ነው። ይበቃል ወይ?›› ብለው ጠየቁኝ።

‹‹ዛፉስ ሐጂ?›› አልኳቸው።

‹‹ልጆቹ ለአጣና ነጋዴ ሊሸጡት ተነጋግረዋል። ቢቆረጥም መልሶ ያቆጠቁጣል እኮ። ጉቶው ካልተነቀለ ምንም አይሆንም።››

ሰኞ ጧት ሜዳው ሞልቶ ነበር። ኢማሙ በሱናው መሠረት ኩታቸውን ገልብጠው ለበሱ፣ ሰዉም ገለበጠ። ሕፃናት ሳይቀሩ እጃቸውን አንስተው አለቀሱ። ሰማዩ ያን ዕለት ጥርት እንዳለ ዋለ። ስንበታተን ሐጂ ከአይሱዙ ሹፌሩ ጋር ወደ ኋላ ቀርተው፣ ጉቶ የሚነቅል የቀን ሠራተኛ በጉቶ ስንት እንደሚያስከፍል ሲጠይቁት ሰማሁ።